ዛጎሉ ከሐይቅ ሳይሆን ከባህር ነው
ቸርችል ጎዳና የገዛሽው የቆዳ ቀበቶ ላይ ያለው ዛጎል ከላንጋኖ ይሆን ወይ ላልሽው፣ አይ እህቴ፣ ሐይቆቻችን ውስጥ የለም፣ የትንሽዬ የባህር ቀንድ አውጣ ቤት ነው፣ ቀይ ባህርና ህንድ ውቅያኖስ የሚኖር፣ አብዛኛው 2 ሴንቲሜትር ምናምን ነው። ማብረቅረቁ ግን በጣም ነው የሚገርመው፣ ማንም ቫርኒሽ አልቀባውም፣ እንስሳው በህይወት እያለ ስስ ሥጋውን አውጥቶ ዛጎሉን ከውጭ ይሸፍነዋል፣ በዛው ላዩ ላይ እየደራረበ ያለሰልሰዋል። ምዕራብ አፍሪካ ገንዘብ ነበር እኮ፣ ከማልዲቭስ በመርከብ እየተጫነ። ጀርባው የተቆረጠው ለመስፋት እንዲመች ነው፣ አልተሰበረም። ፕላስቲክ ነው ብለሽ ከጠረጠርሽ ኮምጣጤ ጠብ አድርጊበት፣ እውነተኛው ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ትንንሽ አረፋ ያወጣል፣ ግን እባክሽ በማይታየው በኩል ይሁን፣ ቶሎም እጠቢው፣ አሲዱ ልስላሴውን ይበላዋል።