ለኮልስሎ የሚሆን ጥቅል ጎመን፦ ጅማ ላይ የቱን እንትከል?

እህቴ፣ «ጅማ ከቤቴ ጀርባ ትንሽ ቦታ አለችኝ፤ ለቤት ኮልስሎ (ጥሬ ጎመን ተከትፎ ከማዮኔዝ ጋር ለሚሠራው ሰላጣ) የሚሆን ጥቅል ጎመን ልተክል ነው። ኮፐንሀገን የሚባለው ዝርያ ይሻላል ወይስ ዲቃላው (ሁለት ዝርያ ተዳቅሎ የተገኘው)? ቀዩስ ይሆናል?» ላልሽው፣ እኔም እዚሁ ጅማ ጓሮዬ ላይ ሁለቱንም ስለምተክል የማውቀውን ልንገርሽ። ባጭሩ ለበጋው ኮፐንሀገን፣ ለክረምቱ ዲቃላ፣ ከቀዩ ደግሞ ጥቂት ራስ ብቻ። ምክንያቱ ግን ትንሽ ይረዝማል።

ብዙዎቻችን ጥቅል ጎመን ስንመርጥ በሐሳባችን ያለው ከድንችና ከካሮት ጋር የሚሠራው አልጫ ነው። እዚያ ላይ ቅጠሉ ቢወፍርም፣ ትንሽ ቢመርም እሳቱ ያስተካክለዋል። ኮልስሎ ጥሬውን ስለሚበላ የጎመኑ ጉድ ሁሉ አፍ ላይ ይታወቃል። ስለዚህ የምትፈልጊው ቅጠሉ ስስ፣ ጅማቱ ያልጎላ፣ ጥቅሉ ጠጠር ያለ፣ ሲታኘክ የሚጣፍጥ ነው። ውሃ የተጠማና ሙቀት የበዛበት ጎመን ደግሞ የትኛውም ዝርያ ቢሆን ሰናፍጭ ሰናፍጭ ይላል። ዝርያ መምረጥ ብቻውን አይበቃም የምለው ለዚህ ነው።

ኮፐንሀገን ማርኬት ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የዴንማርክ ዝርያ ነው። ችግኙ ከተዛወረ በ70 ቀን ገደማ ይደርሳል፤ ክብ ነው፣ ቅጠሉ ለስላሳ ነው። ለጣዕም እኔ ከእሱ የሚበልጥ አላገኘሁም። ችግሩ ውሃው ነው። ማዮኔዝ ከገባበት በኋላ ካደረ ሳህኑ ሥር ሾርባ ታገኚያለሽ፤ የዕለቱን ለዕለቱ ለሚበላ ቤት ነው። ከተከተፈ በኋላ ለአንድ ኪሎ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ነስንሰሽ ግማሽ ሰዓት ካቆየሽው፣ ከዚያ በውሃ ለቅለቅ አድርገሽ በደንብ ከጨመቅሽው ግን ብዙ ይሻሻላል።

ከዲቃላዎቹ ግሎሪያ ኤፍ ዋን የሚባለው ቅጠሉ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ነው፤ ላዩ ላይ ሰም የመሰለ ነገር አለው፤ ጥቅሉም ድንጋይ ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ይደርሳል፤ ዘሩም ውድ ነው። ሲታኘክ ከኮፐንሀገን ትንሽ ይጠነክራል። በምላሹ አድሮም «ቀጭ ቀጭ» ይላል፤ ደርሶም መሬት ላይ ቆይቶ ይጠብቅሻል። እንግዳ ለሚበዛበት ቤት፣ ለካፌ ለሚያቀርብም ሰው እሱን ነው የምመክረው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ዝናቡ። ኮፐንሀገን ከደረሰ በኋላ ከባድ ዝናብ ሲያገኘው ሥሩ ውሃ በብዛት ይስባል፤ ውስጡ እያደገ የላዩ ቅጠል አልሰፋ ሲለው እንደጠበበ ቀሚስ ይተረተራል። ጅማ ላይ ደግሞ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ ይመጣል፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ይከብዳል። ስለዚህ መስከረም ውስጥ መደብ ላይ ዘርተሽ፣ ችግኙ አራት አምስት ሳምንት ሲሆነው ጥቅምት ላይ ብታዛውሪ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ በደረቁ ወቅት ትሰበስቢያለሽ። ውሃ ማጠጣት አለ፤ ጎመኑ ግን በቀዝቃዛው ሌሊት ይጣፍጣል። ለክረምት የምትተክዪ ከሆነ ዲቃላውን ከፍ ባለ መደብ ላይ አድርጊው። የደረሰ ጎመን ላይ ዝናብ ከመጣብሽ ሙሉውን ራስ በሁለት እጅ ይዘሽ ትንሽ አዙሪው፤ የሥሩ ከፊል ሲበጠስ ውሃ መሳቡ ይቀንስና አይፈነዳም።

ስለ መጠንም ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያስበውም። ለአምስት ስድስት ሰው ኮልስሎ ግማሽ ኪሎ ይበቃል። ሦስት ኪሎ የሚመዝን ጎመን ቆርጠሽ የቀረው ፍሪጅ ውስጥ ጠርዙ ሲጠቁር ማየት ምን ያደርግልሻል? ለገበያ የሚተክል በተክልና በተክል መሃል 40 ሳንቲሜትር ይተዋል፤ አንቺ 30 አድርጊው፣ ጥቅሉ ያንሳል፣ አንዱ ራስ ለአንድ ቀን ይሆናል።

አፈራችን ቀይና አሲዳማ ነው፤ ጎመን ደግሞ አሲድ አይወድም። ከመትከልሽ ቀደም ብለሽ ኖራ ወይም የምድጃ አመድ ቀላቅዪበት። የቡና ገለፈት እዚህ በሽ በሽ ነው፤ ግን ሳይበሰብስ አታስገቢው፣ ከፍግ ጋር ኮምፖስት ይሁን። ጎመንን ጎመን በነበረበት ቦታ ላይ ደግመሽ አትትከዪ። የቅጠሉ ጠርዝ ወደ ውስጥ እየሾለ ቢጫ ከሆነና ጅማቱ ከጠቆረ ያን ተክል ነቅለሽ ከጓሮ አውጪው፤ ለእሱ የሚረጭ መድኃኒት ፈልገሽ አትድከሚ።

በበጋ ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ትንሽ ተባይ) እና ትንንሽ አረንጓዴ ትል ይመጣሉ። ጠዋት ጠዋት በእጅ መልቀም ለትንሽ ጓሮ ይበቃል። ጥቅሉ መጠቅለል ከጀመረ በኋላ ኬሚካል መርጨትን እኔ አልቀበልም፤ በቅጠሎቹ መሃል የገባውን ማጠብ አይቻልም፣ ይህ ደግሞ ጥሬ የሚበላ ነው። በዚያው ምክንያት ከተማውን አቋርጦ የሚያልፈውን የአዌቱን ውሃም አታጠጪው፤ የከተማው ፍሳሽ ይገባበታል። የቧንቧ ወይም ንጹሕ የጉድጓድ ውሃ ይሁን።

ቀዩን በተመለከተ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚደርሰው፤ ቅጠሉም ወፈር ይላል፤ ብቻውን ኮልስሎ ቢሠራ ይከብዳል። ከአራት እጅ አንዱን ቀይ ማድረግ ያምራል። ቀድመሽ በሎሚ ወይም በአቼቶ እሺው፤ አሲዱ ቀለሙን ደማቅ ቀይ ያደርገዋል። ማዮኔዙን መብያው ሲደርስ ጨምሪ፣ አለበለዚያ ሁሉም ሮዝ ይሆናል። ለጾም ከሆነ ማዮኔዝ እንቁላል ስላለበት በዘይት፣ በሎሚና በሰናፍጭ አድርጊው፤ እንዲያውም ለኮፐንሀገን ይህኛው ይስማማዋል።

ዘሩን ከራስሽ ጎመን ለማስቀረት አታስቢ። የሐበሻ ጎመን በቀላሉ ያብባል፤ ጥቅል ጎመን ግን ለማበብ ለሳምንታት የሚዘልቅ ብርድ ይፈልጋል፣ ይህን ጅማ አይሰጠውም። ዲቃላው ቢያብብ እንኳ ከዘሩ የሚበቅለው እናቱን አይመስልም። ስትገዢ በእሽጉ ላይ ያለውን ቀን እዪ፤ ተከፍቶ በማንኪያ የሚሸጠውን ተዪው። የተረፈሽን ደግሞ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ብልቃጥ አድርገሽ ደረቅ ቦታ አስቀምጪ፤ በክረምታችን እርጥበት ክፍት የተተወ ዘር ለቀጣዩ መስከረም አይደርስም።