ስምጥ ሸለቆን የሞላው ደለል ነው ዝቃጭ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ስለ መሬት አፈጣጠር የሚያወራ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ቆምኩ። «ጥንታዊ የወንዝ ደለሎች አህጉራዊ የስምጥ ተፋሰሶችን ይሞላሉ» ብዬ ጻፍኩት። ጓደኛዬ ግን «ደለል ሳይሆን ዝቃጭ ነው የሚባለው» አለኝ። የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። እርስዎ የጠየቁኝ ስለ ደለል ነው፤ እኔን ግን ገና ሳነበው የያዘኝ «ተፋሰስ» ነው። እሱን ሳልነካ አላልፍም። ለማንኛውም ከጥያቄዎ ልጀምር።

ደለል ወንዝ ወይም ጎርፍ ተሸክሞ አምጥቶ የሚጥለው ነው። ዝቃጭ ደግሞ ከ«ዘቀጠ» የወጣ ስለሆነ በረጋ ውሃ ውስጥ ቀስ ብሎ ወደ ታች የወረደ ነገር ነው። ደለል ስለ ጉዞው ይናገራል፣ ዝቃጭ ስለ ማረፉ። ድፍርስ የጎርፍ ውሃ በብርጭቆ ቀድተው ያስቀምጡና ይዩት። አሸዋው ወዲያው ታች ይደርሳል። ደቃቁ ጭቃ ግን ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይፈጅበታል፤ ውሃውም ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ይጠራል። መዝቀጥ ማለት ይሄ ነው። ወንዝ ሲጎድል ዳር ላይ የሚቀረው አሸዋና ጠጠር ግን አልዘቀጠም። ውሃው ጉልበት ሲያጣ ጥሎት ሄደ እንጂ።

ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ሁለቱም አሉ። የምድር ቅርፊት ሲለጠጥ ይሳሳል፣ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ በኩል ያለው ወለልም ይሰምጣል። መጀመሪያ ላይ ብዙም ጥልቅ ስላልሆነ ወንዞች ይመላለሱበታል፣ አሸዋና ጠጠር ያነጥፉበታል። መስመጡ ፈጥኖ ወንዞቹ የሚያመጡት ደለል አልበቃ ሲል ውሃ ይተኛበትና ሐይቅ ይሆናል፤ ያኔ መሃሉ ላይ ደቃቅ ጭቃ ይዘቅጣል። መስመጡ ሲበርድ ደግሞ ወንዞቹ ከዳር እየገፉ ሐይቁን ይሞሉትና በመጨረሻ በላዩ ላይ ይፈሱበታል። ስለዚህ ከታች ደለል፣ መሃል ዝቃጭ፣ ከላይ እንደገና ደለል። ሁሉም ስምጥ እንዲህ ተራውን ጠብቆ አይሄድም፤ የአየር ንብረቱም እሳተ ገሞራውም ይረብሸዋል። ቢሆንም ሁለቱን ቃላት የሚያምታታ ተርጓሚ ይህን መናገር አይችልም። የእርስዎ ዐረፍተ ነገር የሚያወራው ስለ ወንዝ ነው፤ ስለዚህ «ደለል» ልክ ነው።

«ደለል ደቃቅ አፈር ብቻ ነው፣ ጠጠርና ድንጋይ ደለል አይባልም፣ ሁሉን የሚያቅፈው ዝቃጭ ነው» የሚሉ አሉ። ገበሬው ደለል የሚለው ብዙ ጊዜ ለሙን ደቃቅ አፈር መሆኑን አልክድም፤ በዚህ ረገድ ማስረጃው ወደ እነሱ ያደላል። ግን ዝቃጭን ለሁሉም ማልበስ አይዋጥልኝም። በዛሬ አማርኛ «የዘቀጠ» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ሥነ ምግባር ነው። ደግሞስ ገደል ሥር የተከመረ ቋጥኝና ኮረት እንዴት «ዘቀጠ» ይባላል? ከስምጡ ግድግዳ ቁልቁል የሚወርዱ አጫጭር ወንዞች ሜዳው ላይ ሲደርሱ ሸክማቸውን በማራገቢያ ቅርጽ ዘርግተው ይጥሉታል። ያንንም ደለል እንበለው። ቃሉ ትንሽ መለጠጡ አይቀርም፣ ይለጠጥ። «ደልዳላ ሜዳ» የምንለውም ከደለል ጋር ቢዛመድ ደስ ይለኛል፤ የፊደል መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ ባይሆንም ወንዝ ደለል ያነጠፈበት መሬት በእርግጥም ደልዳላ ነው።

አሁን ወደ ተፋሰስ። ቃሉ ከ«ፈሰሰ» ነው፤ «ተፋሰሰ» ሲሆን ውሃው ከየአቅጣጫው እየተቀባበለ መፍሰሱን ይነግረናል። የአዋሽ ተፋሰስ ስንል ዝናቡ ወደ አዋሽ የሚወርድበት መሬት በሙሉ ማለታችን ነው፣ በጊንጪ በኩል ያለውን ደጋ ጨምሮ። እስከዚህ ሸጋ ቃል ነው። ችግሩ የውጭው «ቤዚን» ሁለት ነገር መሸከሙ ነው፦ ውሃው የሚሰበሰብበትን መሬትም፣ ደለሉ የሚከማችበትን ጎድጓዳም። ለሁለቱም «ተፋሰስ» አልንና ተደበላለቀ።

አዋሽ ባሕር አይደርስም። ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ገብቶ፣ አፋርን አቋርጦ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። የተሸከመው አፈርም እዚያው ስምጡ ውስጥ ነው የሚቀረው። ደጋው አፈሩን ያጣል፣ ስምጡ ይቀበላል፤ ሁለቱም ግን በአዋሽ ተፋሰስ ውስጥ ናቸው። ታዲያ «ተፋሰሱ በደለል ተሞላ» ሲባል የተሞላው የትኛው ነው? በዚያ ላይ ስምጥ ሲሰነጠቅ ዳርና ዳሩ ወደ ላይ ይነሳና ወደ ውጭ ያጋድላል፤ ብዙ ወንዝ ጀርባውን ለስምጡ ሰጥቶ ይሄዳል። ከአፋር ገደል አፋፍ ጥቂት ወደ ምዕራብ የዘነበው ዝናብ የሚሄደው ለዓባይና ለተከዜ ነው። ኦጋዴን ላይ ደግሞ ይብሳል። «የዋቢ ሸበሌ ተፋሰስ» ውሃ የሚወርድበት የላዩ መሬት ነው። ስለ ተፈጥሮ ጋዝ ሲወራ የምንሰማው «የኦጋዴን ተፋሰስ» ግን ከምድር በታች ያለ፣ ከ250 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ባለው መሰንጠቅ የተጀመረ የደለልና የዝቃጭ ክምር ነው። የዛሬው ወንዝ አያውቀውም።

እኔ ብጠየቅ «የስምጥ ገንዳ» ነው የምለው። ተፋሰስ ያፈሳል፣ ገንዳ ይይዛል። ቅርጹም ይስማማዋል፤ ስምጥ ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን በኩል ነው አብዝቶ የሚሰምጠው፣ ወለሉ ወደዚያ ያጋድላል፣ ወፍራሙ ክምርም በዚያ ጎን ግድግዳ ሥር ይገኛል። «ገንዳ ሲባል ቆሻሻ ነው ትዝ የሚለን» የሚሉኝን አልቀበልም። ከብት ውሃ የሚጠጣበትም ገንዳ ነው። ሆኖም ዜናውም ሰነዱም «ተፋሰስ» ብሎ ከያዘው ቆይቷል፤ ሰውም ለምዶታል። ካልሆነልዎ ቢያንስ «የደለል ተፋሰስ» ይበሉ፣ አንባቢው ከውሃው ተፋሰስ እንዲለየው።

«ስምጥ» ላይ ጥል የለኝም። በግዕዝ «ሰጥመ» ነው፤ አማርኛ «ሰጠመ»ንም ይዞ ፊደሉን አለዋውጦ «ሰመጠ»ንም ወለደ። ጥብቅ ነኝ የሚል «ስጥም ሸለቆ» ሊል ይችላል፤ የሚሰማው አያገኝም እንጂ።

«ይሞላሉ» ግን ያሳስበኛል። ተዘጋጅቶ የቆየ ጉድጓድ ያስመስላል። ወንዝ ጥልቀቱ ጥቂት ሜትር ሆኖ ሳለ የወንዝ ደለል በብዙ መቶ ሜትር፣ በኪሎ ሜትርም ውፍረት ተደራርቦ የሚገኘው ወለሉ አብሮ እየሰመጠ ስለሄደ ነው። ደለሉ ራሱ በክብደቱ ይጫነዋል፣ ወለሉ ይወርዳል፣ ለሚቀጥለው ደለል ቦታ ይለቃል። ባይካል ሐይቅን ያስቡ። የውሃው ጥልቀት 1,642 ሜትር ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ውፍረቱ ከ7 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ክምር አለ። ሰሌንጋ ወንዝ ዛሬም እያመጣ ነው፣ ሐይቁ ግን አልሞላም። አማርኛ ለዚህ «እየ» አለው፦ እየሰመጠ ይሞላል።

«ጥንታዊ የወንዝ ደለል» የሚለውም ይለይ። የጥንቱ ወንዙ ነው ወይስ ደለሉ? እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው የጥንት ወንዞችና ሐይቆች በጣሉት ክምር ውስጥ ነው። ወንዞቹ የሉም፣ ደለሉ አለ። ስለዚህ «የጥንት ወንዞች ደለል»። «ጥንታዊ ወንዝ»ን ዕድሜው ረጅም ሆኖ ዛሬም ለሚፈስ እናስቀምጠው፤ ለምሳሌ ታንጋኒካ ሐይቅ የሚገባው ማላጋራሲ ከሐይቁ በፊት እንደነበረ ይነገራል። እንግዲህ እኔ ብጽፈው «በአህጉር ውስጥ ያሉ የስምጥ ገንዳዎች እየሰመጡ በጥንት ወንዞች ደለል ይሞላሉ» እላለሁ።

«ደለሎች»ን ይተዉት፤ እንደ አፈርና እንደ ውሃ በነጠላው ይበቃል። «አህጉር» በግዕዝ የ«ሀገር» ብዙ ቁጥር ነው። ስለዚህ «አህጉራት» ስንል ብዙውን እንደገና እያበዛነው ነው። ይሄ ግን ካለፈ ቆይቷል፤ እኔም እንደ ሰዉ እጽፈዋለሁ።