የተሸጠው በግ ከሊስቱ አልወጣም አለኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። አባቴ በግ ይነግዳል። ከደብተር ላሳርፈው ብዬ በፓይተን ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። የበጎቹን ኪሎ በአንድ ሊስት (በተራ ዝርዝር) አስቀመጥኩ። አንዱ ሲሸጥ ኪሎውን 0 አደርገዋለሁ። ማታ በፎር ሉፕ (ሊስቱን አንድ በአንድ በሚያይ ትእዛዝ) እየዞርኩ 0 የሆነውን ከዚያው ሊስት ላይ አጠፋለሁ። ኤረር የለም፤ ግን አንዳንድ ቀን ዜሮ ይቀራል። አባቴ «የሸጥኩት በግ ተመልሶ መጣ እንዴ?» እያለ ይስቅብኛል። ምኑ ላይ ተሳሳትኩ?

መልስ፦ አባትህ ይሳቁ። እኔም በዚችው ስህተት ጋቢ ተከናንቤ፣ በጥቅምት ብርድ፣ ሌሊቱን ሙሉ ተቀጥቻለሁ።

አራት በግ እንውሰድ፦ 24፣ 0፣ 0፣ 27። ቆጠራው ከ0 ስለሚጀምር 24 ያለው ቦታ 0 ላይ ነው። ሉፑ አየው፣ አለፈ። ቦታ 1 ላይ ዜሮ አገኘና አጠፋ። ጉዱ እዚህ ነው! አንዱ ሲወጣ ከኋላው ያሉት ይጠጋሉ። ቦታ 2 የነበረው ዜሮ አሁን ቦታ 1 ሆኗል። ሉፑ ግን ወደ ቦታ 2 ሄዷል፤ እዚያ የሚያገኘው 27ን ነው። ሁለተኛው ዜሮ ሳይታይ አመለጠ።

መናኸሪያ ሄደህ የሸዋ ሮቢት ተሳፋሪዎችን ሰልፍ ስትቆጥር አንዱ ተሰላችቶ ቢወጣ እንደዚሁ ነው። ሰልፉ ወዳንተ ሲጠጋ አንተም ከተራመድክ አንድ ሰው ያመልጥሃል። ዜሮዎቹ ተራርቀው ከሆነ ግን ችግሩ አይታይም። አንዳንድ ቀን ልክ የሚመጣልህ ለዚህ ነው።

እናቴ መንዝ በግ ስትለይ የሚወጣውን አታባርርም፤ የሚቀረውን ወደ ጋጣ ታስገባለች። አንተም ባዶ ሊስት ክፈት። አሮጌው ላይ እየዞርክ 0 ያልሆነውን ብቻ በአፔንድ (መጨረሻ ላይ በሚጨምረው ትእዛዝ) ወደ አዲሱ ጨምር። የግድ ከዚያው ሊስት ላይ ላጥፋ ካልክ ከመጨረሻው ቦታ ወደ 0 እየቆጠርክ ና። ያኔ የሚጠጉት አስቀድመህ ያየሃቸው ናቸው።

አደራ፣ አዲሱን ሊስት በእኩል ይሆናል ምልክት (=) ከአሮጌው አትቅዳ። ሊስቱ አንድ ሆኖ ሁለት ስም ነው የሚኖረው። አንዱን ስትነካ ሌላውም ይነካል።

ለነገሩ ኪሎውን በ0 መተካትህን አልወደድኩትም። አባትህ ነገ «ያ ለገና የሸጥነው ስንት ኪሎ ነበር?» ቢሉህ ምን ልትመልስ ነው? ለተሸጡት ሌላ ሊስት አብጅላቸው።