አዲስ መረብ ከመግዛታችሁ በፊት በረዶውን አስሉ

ጥያቄው፦ «ውሃው ከዓመት ዓመት እየሞቀ ነው፤ የለመድነው ዓሣ እየራቀ፣ የማናውቀው እየመጣ። የትናንሽ ጀልባዎች ማኅበራችን ያጠራቀማት ጥቂት ገንዘብ አለች፤ አዲስ መረብ እንግዛባት ወይ?»

መረቡ ይቆይ። ሙቀት በማያስገባ ሳጥን፣ በበረዶና በቴርሞሜትር ጀምሩ። የሞቀ ባሕር የሚወስድባችሁ የራቀውን ዓሣ ብቻ አይደለም፤ ጀልባው ላይ የወጣውንም ነው። 5 ዲግሪ ላይ የተቀመጠ ዓሣ 0 ዲግሪ ላይ ካለው ከሁለት እጥፍ በላይ ፈጥኖ ይበላሻል፤ 10 ዲግሪ ላይ ያለው አራት እጥፍ።

10 ኪሎ ዓሣ ከ15 ዲግሪ ወደ 0 ለማውረድ 1.7 ኪሎ ገደማ በረዶ ይቀልጣል። ከ30 ዲግሪ ከሆነ ግን 3.4 ኪሎ። ይህ ዓሣውን ለማቀዝቀዝ ብቻ ነው፤ በሳጥኑ ግድግዳ የሚገባው ሙቀት ደግሞ ቀኑን ሙሉ የራሱን ድርሻ ይበላል። ስለዚህ በሞቃት ወቅት ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ ይዛችሁ ውጡ። ስትመለሱ ሳጥኑ ውስጥ ያልቀለጠ በረዶ ከሌለ፣ አንሶ ነበር ማለት ነው። በረዶው የደቀቀ ይሁን፤ ትልልቅ ጓል ዓሣውን የሚነካው እዚህም እዚያም ብቻ ስለሆነ በመሃል አየር ይቀራል። ከታች በረዶ፣ ከዚያ ዓሣ፣ እንደገና በረዶ እያላችሁ ደርድሩ፤ የማፍሰሻው ቀዳዳ ክፍት ይሁን፣ አለዚያ የታችኛው ረድፍ በደምና በቆሻሻ ውሃ ውስጥ ያድራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ልኬቱ ላይ ነው። ቴርሞሜትሩን በረዶው ውስጥ ከትቶ 0 ሲያነብ ይረካል። ጫፉ መግባት ያለበት የትልቁ ዓሣ ሥጋ ውስጥ፣ አከርካሪው አጠገብ ነው።

ማኬሬል፣ ቱና ወይም ሰርዲን የምትይዙ ከሆነ ጉዳዩ ከጥራት አልፎ የሰው ጤና ነው። እነዚህ ዓሣዎች ሞተው ሙቀት ላይ ሲቆዩ ባክቴሪያ ሥጋቸው ውስጥ ሂስታሚን የሚባል፣ የበላውን ሰው የሚያሳምም ንጥረ ነገር ይሠራል። ዓሣው መልኩም ሽታውም ደህና ሊመስል ይችላል፤ ሂስታሚኑ አንዴ ከተፈጠረ ግን መቀቀልም፣ መጥበስም፣ ፍሪዘር ውስጥ ማስገባትም አያጠፋውም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መመሪያ ዓሣው በሞተ በ9 ሰዓት ውስጥ በረዶ ውስጥ እንዲገባ ይላል፤ አየሩ ወይም ውሃው ከ28.3 ዲግሪ በላይ ከሆነ በ6 ሰዓት። ሰዓቱ የሚቆጠረው ዓሣው ከሞተበት ጊዜ እንጂ ጀልባ ላይ ከወጣበት አይደለም። መረብ ላይ ተጠምዶ ሌሊቱን የሞተ ዓሣ ጀልባ ላይ ሳይወጣ ጊዜው ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ውሃው ሲሞቅ መረብ ማሳደር ይቅር፤ አጠር ባለ ጊዜ እየጣላችሁ አንሱ።

ኦይስተር (ጥሬውን የሚበላ ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ) የምትሸጡም «የእኛ ውሃ ቀዝቃዛ ነው» አትበሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 የበጋ ወራት አላስካ ውስጥ ጥሬ ኦይስተር የበሉ ሰዎች ቪብሪዮ በሚባል ባክቴሪያ ታመዋል፤ የኦይስተር ማርቢያው ውሃ ያን ጊዜ ከ15 ዲግሪ በላይ ነበር። ከውሃ እንደወጣ ጥላ ሥር ይግባ፣ ቶሎም ይቀዝቅዝ።

ሁለተኛው ወጪ የሙቀት መመዝገቢያ ነው። ሳተላይት የሚያየው የባሕሩን ገጽ ነው፤ ሎብስተርና ሸርጣን የሚኖሩት ግን ታች ነው። አውራ ጣት የምታህል መመዝገቢያ ወጥመዱ ላይ ታስራላችሁ፣ በየ10 ደቂቃው እንድትለካ ታደርጋላችሁ፤ ከጎኑ ቀን፣ ጥልቀት፣ ወጥመዱ የቆየበት ሰዓት፣ የተያዘው ኪሎ፣ ወደ ባሕር የተመለሰው ትንንሽ ይጻፍ። በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ባለው በሜይን ባሕረ ሰላጤ የሎብስተር አጥማጆች ከ2001 ጀምሮ ይህን ያደርጋሉ።

ይህን መዝገብ ሳትይዙ በአንድ ጥሩ ወቅት ብቻ አትተማመኑ። ቀዝቃዛው ውሃ ሲጠብብ እንስሳቱ እዚያችው ላይ ስለሚታፈጉ ለጊዜው ወጥመዱ ይሞላል። በ2018 እና በ2019 በአላስካና በሩሲያ መካከል ያለው ቤሪንግ ባሕር ሲሞቅ «የበረዶ ሸርጣን» ከሚባለው ዝርያ ከ10 ቢሊዮን በላይ ጠፋ። በሞቀ ውሃ ሰውነታቸው ብዙ ምግብ ይፈልጋል፤ ጠባብ ቦታ ላይ ተጨናንቀው ሳለ ረሃብ እንደጨረሳቸው ነው ጥናቱ የሚያመለክተው። በ2022 የዚያ ሸርጣን ማስገር ተዘጋ።

አዲስ የመጣውን ዓሣ በተመለከተ፣ ለገበያ ከማሰባችሁ በፊት ምንነቱን የሚያውቅ ባለሙያ ይየው። በስዊዝ ቦይ በኩል ሜዲትራኒያን ከገቡት መካከል ሰውነቱን የሚነፋው የብር መልክ ያለው ዓሣ የሚገድል መርዝ አለው፤ ምግብ ማብሰል መርዙን አያጠፋም፣ ጨርሶ አይሸጥም። አንበሳ ዓሣ የሚባለው ግን መርዙ እሾሁ ላይ ነው፤ በወፍራም ጓንትና በመቀስ እሾሁን ቆርጣችሁ ብታወጡት ሥጋው ይበላል። እጅ ከተወጋ ቆዳ በማያቃጥል፣ 45 ዲግሪ ገደማ በሆነ ውሃ መንከር ሕመሙን ያበርዳል፤ ከዚያ ሐኪም ይየው።

ለመሸጥ አምስት ዓይነት አታቅርቡ፤ አንድ ምረጡ። ሙሉውን መዝኑ፣ ሥጋው ከአጥንቱ ከተለየ በኋላ ሥጋውን ብቻ መዝኑ፤ ዋጋ የሚቆረጠው በሁለተኛው ቁጥር ነው። ለምግብ ቤቶች በየሳምንቱ በአንድ ቀን ትንሽ ግን የማይቋረጥ መጠን አድርሱ። አንድ ጊዜ 200 ኪሎ አምጥቶ ለወር የሚጠፋ አቅራቢን ማንም ዝርዝሩ ላይ አያስገባም።

ፈቃዱንም ቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ዓሣው ቢሰደድም ኮታው (ለማጥመድ የተፈቀደው መጠን) አብሮት አይሰደድም። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ጥቁር ሲ ባስ የተባለው ዓሣ ወደ ሰሜን ሲገፋ የክልሎቹ ድርሻ ለረጅም ጊዜ በድሮው የማስገር መዝገብ ላይ እንደቆመ ነበር። ድርሻው እንደገና ሲከፋፈል የሚቀርበው ማስረጃ መዝገብ ነው፤ ያ የወጥመድ መመዝገቢያና ደብተሩ ዛሬ መጀመር ያለበት ለዚህም ነው።