ያገለገለ ሲቢአር ገዛሁ፣ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው። የ1993 ሞዴል ሆንዳ ሲቢአር 600 ኤፍ 2 ገዛሁ፣ የቀድሞው ባለቤት ጋራዡ ውስጥ ለብዙ አመት አቁሞት የነበረ ነው። ኢንጂኑ በእጅ ይዞራል ግን አይነሳም፣ ሰልባትዮው ውስጡ ዝጓል፣ በግራ በኩል ያለው ፌሪንግ (የፕላስቲክ ሽፋኑ) ተሰንጥቋል፣ ታይትሉ ግን ንጹህ ነው። ሞተር ሳይክል ሰርቼ አላውቅም፣ የመኪናዬን ዘይትና የፍሬን ሸራ ግን ራሴ ነኝ የምቀይረው። ሀሳቤ ሙሉ በሙሉ በትኜ ሻንሲውን ቀለም ቀብቼ፣ ፌሪንጉን አውጥቼ ስትሪትፋይተር (ሽፋን የሌለው፣ ከፍ ያለ መሪ ያለው ሞተር) ላደርገው ነው፣ ኤር ቦክሱን (የአየር ማጣሪያውን ሳጥን) በፖድ ፊልተር፣ ማለትም በየካርቡሬተሩ ላይ በሚገጠም ትንሽ ማጣሪያ ልቀይር፣ ከኋላም ወፍራም ጎማ ላስገባለት። ጓደኞቼ ሽጠህ ተገላገል ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?
ዳ. ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ወንድሜ እንኳን ደስ አለህ፣ ጓደኞችህን አትስማቸው። ኤፍ 2 ማለት ሆንዳ ከ1991 እስከ 1994 የሰራው ባለ 599 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ ነው፣ በጣም ብዙ ስለተሸጠ እስከዛሬም ያገለገለ ዕቃው ይገኛል። ኢንጂኑ ጠንካራ ነው፣ በእጅ ከዞረ ደግሞ ተስፋ አለው። ታይትሉ መኖሩም ትልቁን ራስ ምታት አስቀርቶልሃል።

እቅድህን ግን ገልብጠው። በፍጹም ሙሉ በሙሉ አትበትነው! እንደዚህ አይነት ሞተሮች የሚሞቱት ኢንጂን ተበላሽቶ አይደለም፣ ተፈትተው ካርቶን ውስጥ ገብተው ነው፣ ስራ ይበዛል፣ ልጅ ይወለዳል፣ የትኛው ብሎን የት እንደነበር ይረሳል፣ ከዛ "ሁሉም ዕቃ አለው" ተብሎ በርካሽ ይሸጣል። ስለዚ መጀመሪያ እንዲነሳ አድርገው፣ ቀጥሎ ፍሬን ስትይዝ በደንብ እንዲቆም፣ ከዛ ባትሪውን ቻርጅ እንዲያደርግ፣ ከዛ እንዳለ በፋብሪካ መልኩ ትንሽ ንዳው፣ ማሳመሩ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አንዱን ፈትተህ መልሰህ ሳትገጥም ሌላውን አትንካ፣ ከመፍታትህ በፊት ደግሞ በስልክህ ፎቶ አንሳው።

ካንዴላዎቹን አውጣና በየሲሊንደሩ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርገህ አሳድረው፣ ከዛ በእጅ ቀስ ብለህ አዙረው። ዘይትና ፊልትሮ ቀይር። ሰልባትዮውን አውርደህ አሮጌውን ቤንዚን ድፋው፣ ከዛ አቼቶ ሞልተህ ጥቂት ቀን ተወው፣ ዝገቱ ይለቃል፣ ስትጨርስ ውሃ ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠህ እጠበውና ወዲያው አድርቀው፣ እርጥብ ከተውከው እዛው እያየኸው መልሶ ይዝጋል።

አሁን ዋናው ካርቡሬተሩ፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ ነው፣ እኔ ብሆን ከጊዜዬ ግማሹን የምሰጠው ለሱ ነው። አራት ናቸው፣ አንድ ላይ ተያይዘው ይወርዳሉ፣ እንደተያያዙ ተዋቸው፣ አትለያያቸው። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር የጃፓን ሞተር ላይ ያሉት መስቀል ራስ ብሎኖች የተለመደው ፊሊፕስ ካቻቢቴ ልካቸው አይደለም፣ ጂስ የሚባል የጃፓን ልክ አለ፣ ሲያዩት አንድ ይመስላል፣ ግን ፊሊፕሱ ስታጠብቀው ወደላይ ይንሸራተትና የብሎኑን ራስ ይበላዋል። የካርቡሬተር ሳህን (ከስር ቤንዚን የሚይዘው ክፍል) ብሎን ለስላሳ ነው፣ አንዴ ራሱ ከተበላ መሰርሰሪያ ነው የሚያወጣው። ጂስ ካቻቢቴ ርካሽ ነው፣ ከምንም በፊት እሱን ግዛ።

ሳህኑን ስትከፍት አሮጌው ቤንዚን እንደ ሙጫ ደርቆ ታገኘዋለህ። ከነሐስ ከተሰሩት ጄቶች (ቤንዚን የሚያሳልፉ ባለ ቀዳዳ ብሎኖች) ትንሹን፣ ፓይለት ጄት የሚባለውን አውጣና ወደ መብራት አድርገህ እየው፣ ክብ ብርሃን በጥርት ካላየህ ተደፍኗል፣ ሞተሩ ያልተነሳው ምናልባት በዚህች ቀዳዳ ነው። በጠንካራ ሽቦ እንዳትወጋው፣ ቀዳዳው ከሰፋ የቤንዚኑ ልክ ይዛባል፣ በካርቡሬተር ማጽጃ ዘፍዝፈህ በኮምፕሬሰር ንፋው። ማጽጃው ግን ላይኛው ክዳን ስር ያለችውን ስስ ጎማ እንዳይነካ፣ ያበላሻታል። የሚክስቸር ብሎኑን (የቤንዚንና የአየሩን ድብልቅ የሚያስተካክለውን) ከማውጣትህ በፊት ወደ ውስጥ በቀስታ እስኪቆም አጥብቀው፣ ስንት ዙር እንደዞረ ለየአንዳንዱ ጻፍ፣ ስትመልስ በዛው ልክ ነው። ከብሎኑ ጋር ስፕሪንግ፣ ዋሸርና ከምስር የምታንስ ኦሪንግ ይወጣሉ፣ ኦሪንጓ (የጎማ ቀለበቷ) ውስጥ ተጣብቃ ትቀራለች፣ ሳታወጣት ማጽጃ ከነፋህባት አለቀላት። ኦሪንጎቹን ሁሉ በአዲስ ቀይር፣ ስትገጥም አራቱን በቫኪዩም ጌጅ አመጣጥናቸው።

ከተነሳ በኋላ ደስታው እንዳያስቸኩልህ። ፍሬን! አሮጌ የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፣ ካሊፐሩን (የፍሬን ሸራውን የሚይዘውን) ፈትተህ ፒስተኖቹን አጽዳ፣ ሲሎቹን ቀይር፣ ዶት 4 የሚባለውን የፍሬን ዘይት ሙላ፣ ቀለም ላይ ካፈሰስከው ግን ይልጠዋልና ጨርቅ አልብሰው። የፍሬን ቱቦው ከፋብሪካ የመጣው ጎማ ከሆነ በብረት ክር የተጠለፈ አስገባለት፣ ለኔ የመጀመሪያው ሞዲፊኬሽን እሱ ነው፣ ውበትም አለው ነፍስም ያተርፋል። የቸርኬው ጎማ ላይ DOT ከሚለው ጽሁፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ፣ 2311 ቢል በ2011 በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው፣ ሶስት ቁጥር ብቻ ካለው ከ2000 በፊት ነው ማለት ነው፣ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ጣለው።

ኤፍ 2 የሚታወቅበት አንድ ደካማ ጎን ሬጉሌተሩ፣ ወደ ባትሪው የሚሄደውን ቮልት የሚቆጣጠረው ነው። አስነስተህ በደቂቃ 5000 ዙር ላይ ባትሪው ጫፍ ላይ ለካ፣ 14 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት፣ 15 ካለፈ ባትሪውን እየቀቀለው ነው። ሶስቱ ቢጫ ሽቦዎች የሚገናኙበትን ሶኬትም ክፈተው፣ ብዙ ጊዜ ቀልጦ ነው የሚገኘው።

አሁን ወደ ሀሳብህ ልምጣ። ስትሪትፋይተር ጥሩ ነው፣ የተሰነጠቀ ፌሪንግ ከመጠገን ማውጣቱ ይሻላል። ከፍ ያለ መሪ ስትገጥም የጋዙ፣ የፍሪሲዮኑ ገመድና የፍሬን ቱቦው ርዝመት ይበቃል ወይ በል፣ አስነስተህ መሪውን ጥግ እስከ ጥግ አዙረው፣ ዙሩ ከጨመረ ገመዱ እየተጎተተ ነው፣ እንደዛ ሆኖ መንገድ ላይ እንዳትወጣ። ኤልኢዲ ፍሬቻ ካስገባህ የፍሬቻውን ሪሌይ አብረህ ቀይር፣ አለበለዚያ በጣም ይፈጥናል። ፖድ ፊልተሩን ግን እርሳው። የዚህ ካርቡሬተር ስላይድ (ውስጡ ወደላይ ወደታች የሚሄደው) የሚነሳው በአየር ግፊት ልዩነት ነው፣ ግፊቱን የሚያረጋጋለት ደግሞ ኤር ቦክሱ ነው፣ ካወጣኸው መሀል ዙር ላይ ማነቅ ይጀምራል፣ ጄት ስትቀያይር ክረምቱ ያልቅብሃል። ወፍራም ጎማውንም ተወው፣ ቸርኬው የተሰራው 160 ሚሊሜትር ስፋት ላለው ጎማ ነው፣ 180 ብታስገባበት ቅርጹ ተጨምቆ ኩርባ ላይ ይከብድሃል እንጂ ምንም አትጠቀምም። ቀለም ስትቀባ 2ኬ ክሊር (ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቅ ቫርኒሽ) ከተጠቀምክ ቤንዚን ይቋቋማል፣ ግን ጭሱ ሳንባ የሚጎዳ ኬሚካል አለበት፣ የወረቀት ማስክ አይበቃም፣ ወይ ለባለሙያ ስጠው።

ሜሪላንድ ላይ ያገለገለ ሞተር ታርጋ ከመውጣቱ በፊት ሴፍቲ ኢንስፔክሽን ያልፋል፣ ስለዚ መብራት፣ ክላክስና መስታወት ሳትቆርጥ ሳትቀጥል መጀመሪያ በፋብሪካው መልክ አሳልፈው። የሞተር ላይሰንስ ከሌለህም ኮርሱን አሁኑኑ ጀምር፣ ሞተሩ እስኪያልቅ አትጠብቅ።

ጥያቄ፦ እኔም የድሮ ስፖርት ሞተር ራሴ መስራት እፈልጋለሁ፣ ቁመቴ አጭር ነው፣ ነድቼም አላውቅም። በየትኛው ልጀምር?
ሄ. ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ

መልስ፦ እህቴ፣ ካዋሳኪ ኒንጃ 250 ፈልጊ፣ ከ1988 እስከ 2007 ያለውን። በነዚህ አመታት ብዙም ስላልተለወጠ የአንዱ ዕቃ ለሌላው ይሆናል፣ ካርቡሬተሩ ሁለት ብቻ ነው፣ መቀመጫው ዝቅ ያለ ስለሆነ እግርሽ መሬት ይነካል፣ ጉልበቱም ለጀማሪ የሚያስፈራ አይደለም። ልታይው ስትሄጂ ሻጩን ከመድረሴ በፊት እንዳታስነሳው በይው፣ ኢንጂኑን በእጅሽ ነክተሽ ቀዝቃዛ መሆኑን አረጋግጪ፣ ሞተር ችግሩን የሚናገረው ከቀዝቃዛ ሲነሳ ነው። ሰልባትዮውን ከፍተሽ በባትሪ አብሪበት፣ ካቴናውንና መሪውን አወዛውዢ፣ ታይትሉ ላይ ያለውን ቁጥር ሻንሲው ላይ ከተመታው ጋር አስተያዪ፣ አንድ ቁጥር እንኳን ከተለየ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ትተሽው ሂጂ።