እናታችሁ ስኳር ካለባቸው ስለ ድዳቸውም ጠይቁ

ከውጭ አገር ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ስንደውል አጠያየቃችን አንድ ዓይነት ነው። «ስኳርሽ ስንት ገባ? መድኃኒትሽን ወሰድሽ?» መልሱም ያው ነው፦ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ፣ አታስቡ።» ከዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እንድትጨምሩ እለምናችኋለሁ። «ድድሽስ ይደማል ወይ?»

አፋችን ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ የባክቴሪያ ዓይነቶች አሉ። አብዛኞቹ አይጎዱንም። የደም ስኳር ከፍ ብሎ ሲቆይ ግን ምራቅ ውስጥ ያለው ስኳርም ይጨምራል፣ አፍ ይደርቃል፣ የሰውነት መከላከያ ይደክማል። ያኔ በጥርስና በድድ መሀል የሚደበቁት ባክቴሪያዎች ይበረታሉ። ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ የሚባለው በክፋቱ የታወቀ ነው። ድድ ያብጣል፣ ይሸሻል፣ ጥርሱን የያዘው አጥንት እየሳሳ ይሄዳል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገሩ ወደ ኋላም እንደሚሠራ ነው። ድድ ለወራት ተቆጥቶ ሲቆይ ጦሱ በደም ገብቶ ኢንሱሊን ሥራውን በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋል። እናት መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይውጣሉ፣ ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣሉ፣ ስኳሩ ግን አልወርድ ይላል። መድኃኒት ይጨመርላቸዋል፤ አፋቸውን የሚያይ ግን የለም። ኮክሬን የሚባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ 35 ጥናቶችን አይቶ ነበር። የድድ በሽታቸው የታከመላቸው የስኳር ታማሚዎች ኤዋንሲያቸው (HbA1c)፣ ማለትም የደም ስኳራቸውን የሦስት ወር አማካይ የሚያሳየው ምርመራ፣ ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ በ0.43 ያህል ዝቅ ብሏል። 8 የነበረው 7.6 አካባቢ ገባ እንደማለት ነው። ትንሽ እንዳይመስላችሁ፤ ተጨማሪ የስኳር ኪኒን ሳይዋጥ የመጣ ለውጥ ነው።

ደሴ አክስቴ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። ጠዋት መፋቂያዋን ከአፏ ስታወጣ ጫፉ ቀልቷል። «ምነው?» ስላት «እርጅና ነው፣ አብሽር» አለችኝ። ቡና ተፈልቶ ቆሎው ሲዞር አልነካችውም። ምሳ ላይ ሥጋውን ወደ እኛ ገፋ አድርጋ የእንጀራውን መሀል በሽሮ እያራሰች በላች። ማታ ደግሞ ዳቦ በሻይ። ማኘክ ያቃተው ሰው ጎመኑንና ሥጋውን ትቶ ለስላሳ ለስላሳውን ይመርጣል፤ ያ ደግሞ ስኳሩን ከፍ ያደርገዋል። ሲብስበት ጭራሽ ሳይበላ ይተኛል። ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ ይሄ አደገኛ ነው፣ ስኳሩ በአንዴ ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ።

የድድ መድማት የዕድሜ ነገር አይደለም። በሽታ ነው፣ ይታከማል። መጥፎ የአፍ ጠረን፣ የረዘሙ የሚመስሉ ጥርሶች፣ የሚነቃነቅ ጥርስ፣ መግል ካለ ቀን አትቁጠሩ። አሞክሲሲሊን ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ ሕመሙን ያስታግስ ይሆናል፤ ከድድ ሥር የጠጠረው ቆሻሻ ግን እዚያው ነው። እሱ የሚወጣው በጥርስ ሐኪም እጅ ብቻ ነው። «ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያላላል» የሚሉ ብዙ ናቸው። እውነቱ፣ ጥርሱ ቀድሞም ላልቷል፤ ቆሻሻው ሲነሣና እብጠቱ ሲጎድል ነው የሚታወቀው። ይህንን ቀድማችሁ አስረዷቸው፣ አለበለዚያ ከበር ይመለሳሉ።

ስለዚህ ለበዓል ከምትልኩት ላይ ለጥርስ ሐኪም ብላችሁ ለይታችሁ ላኩ። «ለሚያስፈልግሽ» ካላችሁ ለልጅ ልጆች ደብተር ነው የሚውለው። ሰው ሲሄድ ቸኮሌቱን ትታችሁ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽና ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ስደዱ። መፋቂያውን አትንቀፉባቸው፣ ጥሩ ነገር ነው፤ ማታ ብሩሹን ይጨምሩበት። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካላቸው ማታ አውልቀው ያጽዱት፣ ስኳር ያለበት ሰው አፍ ላይ ፈንገስ ቶሎ ይወጣል። አባታችሁ ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ሕክምናው እንደሚገባው አይዝም፣ ይህንንም ንገሯቸው።

መቼም የስኳር መለኪያም እንልካለን። ከእንግሊዝ ወይም ከካናዳ የተገዛው የሚያሳየው ቁጥር ሌላ ነው። እዚያ 10 የሚለው አገር ቤት 180 ነው። በ18 እንዲያባዙ አሳዩአቸው፣ ደሙ የሚነካበት ስትሪፑም ከማሽኑ ጋር መግጠሙን አረጋግጡ።

ቀጠሮውን ጠዋት አስይዙ። ቁርሳቸውን በልተው፣ መድኃኒታቸውን ወስደው ይሂዱ። የሚወስዱትን ሁሉ ለሐኪሙ ያሳዩ፣ በተለይ አስፕሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ካለ። አብሯቸው የሚሄድ ልጅ ስልክ ይደውልላችሁና ሐኪሙን ራሳችሁ አነጋግሩ። ከመታከማቸው በፊት ኤዋንሲ ተለክተው ውጤቱ በፎቶ ይላክላችሁ፤ ከሦስት ወር በኋላ እንደገና አስለኩና ሁለቱን ወረቀት ለስኳር ሐኪማቸው አሳዩ።