ዳኛዋ ልብሱን ገልብጣ ነው የምታየው

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ10 ዓመት ሴትና የ8 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ዘንድሮ ሁለቱም ፎር ኤች በሚባለው የልጆች ክበባቸው በኩል የልብስ ስፌት ውድድር ሊገቡ ነው፤ ኦገስት ላይ ጌትስበርግ በሚካሄደው የካውንቲው የግብርና ትርኢት። የመጀመሪያቸው ነው። ልጅቷ ከአያቷ ነጠላ ጉርድ ቀሚስ ካልሠራሁ ብላ ወጥራ ይዛኛለች። ልጁ የገበያ ቦርሳ ነው የሚሠራው። ስፌታቸውን ግን ቢያዩት እባብ የሄደበት ይመስላል። ማታ ሲተኙ ባስተካክልላቸው ነውር አለው? ደግሞስ አንዱ አሸንፎ ሌላው ቢያለቅስብኝስ? አባታቸው በበኩሉ «ወንድ ልጅና መርፌ ምን አገናኛቸው» እያለ ያሾፋል።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የማታውን ነገር እንጨርስ። አትንኪው።

ይህን የምልሽ አድርጌው ስለማውቅ ነው። ልጄ ያንቺን ልጅ ስታክል ወገቡ ላስቲክ የሆነ ጉርድ ቀሚስ ሰፋች። ቅምቅማቱ አንዴ ወጣ፣ አንዴ ወረድ ይላል። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ሳለሁ ለዓመታት የስፌት መኪና ስረግጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዓይኔ አልቻለም። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ተነሥቼ ተረተርኩትና እንደ አዲስ ቀመቀምኩት። ጠዋት ልጄ ምንም አላለችም። ውድድሩ ቦታ ስንደርስ ዳኛዋ ጉርዱን ገለበጠችና፣ «ይሄ ጫፍ በጣም ያምራል፣ እንዴት አድርገሽ ሠራሽው?» አለቻት። ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። ከዛ «እሱን እናቴ ናት» አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የሽልማቱ ሪባንስ ይቅር፤ ልጄ ግን እስከ ገና ድረስ መኪናዋን አልነካችም።

ፎር ኤች ውስጥ ብዙ ቦታ ዳኛዋ ልጁን ፊት ለፊት አስቀምጣ ነው የምታናግረው። የቱ ከበደህ? ለምን ይሄን ጨርቅ መረጥክ? ሌላ ጊዜ ምን ትቀይራለህ? ራሱ የሠራ ልጅ ጠማማውንም ቢሆን ያስረዳል። ስለዚህ እራት ላይ እነዚህን ጠይቂያቸው። ያ ከማታው መርፌሽ ይበልጣል።

ለቅሶውን በተመለከተ ብዙም አትጨነቂ። የፎር ኤች ዳኝነት በአብዛኛው የዴንማርክ ዘዴ በሚሉት ነው። ሥራው ከሌላ ልጅ ሥራ ጋር ሳይሆን ከተቀመጠ መለኪያ ጋር ይተያያል። ሰማያዊ ሪባን እጅግ ጥሩ፣ ቀይ ጥሩ፣ ነጭ ገና የሚቀረው ማለት ነው። አምስት ልጆች አምስቱም ሰማያዊ ሊያገኙ ይችላሉ፣ ያንቺዎቹም ሁለቱ። በትርኢቱ ላይ ከፎር ኤች ውጪ ያለው ክፍል ግን አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ ሊለይ ስለሚችል፣ የትኛው ውስጥ እንደተመዘገቡ የክበቡን መሪ ጠይቂ። የምዝገባው ቀን ከትርኢቱ ቀድሞ እንደሚያልፍም አትርሺ።

አሁን ወደ ነጠላው። ኧረ እህቴ፣ እናትሽ ታውቃለች? የአያት ነጠላ ላይ መቀስ ከማሳረፍ በፊት ስልክ ይደወላል።

ብትፈቅድ እንኳን ለጀማሪ አልመክረውም። ነጠላ ስስ ነው፣ ሽመናው ላላ ያለ ነው። ከተቆረጠ ጫፉ ይበተናል። የመኪናው ጥርስ ደግሞ ወደ ታች ይስበውና ክሩን ሁሉ ያንጨባርረዋል። ልጅሽ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ታለቅሳለች። ይልቅ ጉርዱን ከተራ፣ ከማይለጠጥ ጥጥ ትሥራው። ጥለቱን ብቻ ከቅምቅማቱ ከፍ አድርጋ ዙሪያውን ትለጥፈው። አቆራረጡን ልንገርሽ፦ ከጥለቱ ግራና ቀኝ ነጩን ሁለት ጣት ያህል ትተዋለች። መጀመሪያ በነጩ ላይ በዚግዛግ ትሰፋለች፣ ከዚያ ነው ከስፌቱ ውጪ የምትቆርጠው። ሰፍቶ መቁረጥ እንጂ ቆርጦ መስፋት አይሆንም። ጥጡን ሳትቆርጠው በፊት እጠቡት፤ ሲታጠብ ይኮማተራል። ጥለቱንም በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ እሹት፤ ቀለም ከለቀቀ ያኔውኑ ታውቃላችሁ።

ለአባታቸው ደግሞ ይህን አድርሺልኝ። ያንን ነጠላ ማን የሸመነው ይመስለዋል? አገራችን ሸማኔው ወንድ ነው። መርካቶ በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ዘርግቶ ሱሪውን ሲያሳጥርለት የኖረውስ ማን ነበር? ልጁ የሚሰፋ እጅ ከየት አመጣ ብሎ ባይገረም ነው የሚሻለው።

የልጁ እባብ ቀላል መድኃኒት አለው። ከመኪናው ክሩን አውጡና መስመር ባለው የደብተር ወረቀት ላይ ይስፋ። መርፌው መስመሩን እየበሳ እንዲሄድ። ልጆች ይወዱታል፣ ጨዋታ ነው። (መርፌው ይደንዛል፤ ለጨርቁ ሌላ ቀይሩ።) መስመሩን መከተል ሲጀምር፣ ከመርፌው በስተቀኝ 5/8 ኢንች ለክታችሁ መኪናው ላይ ባለ ቀለም ፕላስተር ለጥፉ። የአሜሪካ የልብስ ንድፎች የሚተዉት የስፌት ትርፍ በአብዛኛው ይኸው ነው። መርፌውን ሳይሆን ፕላስተሩን እያየ የጨርቁን ጫፍ በሱ ያስኪድ። የቦርሳው መያዣ ሥር ላይ አራት ማዕዘን ሰፍቶ መሐሉን በመስቀል ያያይዘው፤ ዳኛዋ መያዣውን ጎተት ማድረጓ አይቀርም።

አንድ የምለምንሽ ነገር ካውያ ነው። አንድ ስፌት በሰፉ ቁጥር ይተኮስ፣ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው። መጨረሻ ላይ ብቻ የተተኮሰ ልብስ ያስታውቃል። ካውያው አጠገብ ግን አንቺ ቁሚ፤ ይሄኛው እርዳታ ይፈቀድልሻል። ከመላካችሁ በፊት ልብሱን ገልብጡና የተንጠለጠለ ክር ሁሉ ይቆረጥ።

ለልጅቷ ደግሞ የራሷ የስፌት መተርተሪያ ግዢላት። ከአንድ ማኪያቶ ዋጋ አይበልጥም። ጠማማው ካስቀየማት ራሷ ትፈታዋለች፣ ካላስቀየማት ይቆያል። ማታ ማታ ብቻ አንቺ ጋ እንዳያድር።